የሞተር ሾክ አስተካካዩ የአቶ ደገፉ ሶርሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደገፉ ሶርሳ ከአባታቸው ከአቶ ሶርሳ አንጁሎ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሚርያም ጫማ በ1954 ዓ.ም. በወላይታ ዲጉና ፋንጎ ወረዳ፣ ዲምቱ አጠገብ ተወለዱ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። የመጨረሻ ልጅ ይሞላቀቃል ይባላል፤ እሳቸውን ግን አባታቸው በአለንጋ ነው ያሳደጓቸው። ይህንንም ራሳቸው በኩራት ይናገሩት ነበር።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ዲምቱ፣ ከዚያ በኋላ ሶዶ ተምረው ስምንተኛ ላይ አቆሙ። ያቆሙት ደብተር አጥተው አይደለም፤ መምህራቸውን በተማሪ ፊት ሰድበው ነው የተባረሩት። በ1972 ዓ.ም. ዱቦ ሄደው የሚሲዮኑን ሞተርና መኪና ከሚጠግን ሰው ዘንድ ሥራ ለመዱ። በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ እታፈራሁ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሩትን፣ ዮሴፍንና ኤልሳዕን ወለዱ። በ1985 ዓ.ም. ሶዶ፣ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

ሶዶ ውስጥ ሞተር የሚጠግን ብዙ ነው። ጉድጓድ ላይ ወገብ እንዳይሰብር፣ ኩርባ ላይ ሰው እንዳይወረውር አድርጎ ሾኩን የሚያስተካክል ግን እሳቸው ነበሩ። እነዚያ ጎንበስ ተብሎ የሚነዱት ስፖርት ሞተሮች ወደ ከተማው መግባት ሲጀምሩማ ከአርባ ምንጭም ከሆሳዕናም ይመጡላቸው ነበር።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሞተሩን ከመሬት ብድግ አድርገው በሜትር ይለኩታል። ቀጥሎ ባለቤቱን ሄልሜቱን እንዳደረገ ያስቀምጡትና ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለካሉ። በጣም ዝቅ ካለ ሞላው ላይ ያለውን ቀለበት ያጠብቃሉ፤ ጭራሽ ዝቅ ካላለ ያላላሉ። ከዚያ ታች ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ነካ አድርገው ሞተሩን በመዳፋቸው ይጫኑትና ይለቁታል። አንዴ ተነስቶ ቀጥ ካለ አበቃ። ሁለቴ ከዘለለ፣ «ይሄ ፍየል ነው፣ ገና ነው» ይላሉ።

የደንበኛውን ውፍረትና ቅጥነት ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለመንገደኛው ሁሉ ነበር የሚያሰሙት። ከደንበኞቻቸው አንዱ፣ መምህር ሚልክያስ፣ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ሞተራቸው ላይ ሲወጡ አቶ ደገፉ፣ «ሰብሰብ በሉ፣ መምህር ሊሰምጡ ነው» ብለው ጋራዡን በሳቅ አፈረሱት።

መምህር ሚልክያስም፣ «ጋሽ ደገፉ፣ የእርስዎን ምላስ የሚያጠብቅ ቁልፍ ከየት ይምጣ?» አሏቸው። በዚሁ ጓደኛ ሆኑ። መልስ የሚሰጣቸውን ሰው ይወዱ ነበር። መልስ የሌለውን ግን አይተዉትም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

የእኛ አገር ጎረምሳ ሲቀመጥበት ዝቅ የሚል ሞተር የደከመ ይመስለዋል። ሁሉም «አጥብቁልኝ» ነው የሚለው። አቶ ደገፉ ይህን እሺ ብለው አያውቁም። «ሞላው ከደነደነ ጎማው መሬት ይለቃል። ጎማ መሬት ከለቀቀ አንተን የያዘህ ማነው?» ብለው ይቆጡና በልኩ አስተካክለው ይሰዳሉ። እሳቸው ያስተካከሉት ሞተር ጥሎት የሞተ ሰው የለም። ይህ እውነት ነው፣ ሊነገርላቸውም ይገባል።

በ2012 ዓ.ም. የመጨረሻ ልጃቸው ኤልሳዕ ባጃጅ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ያገለገለ ስፖርት ሞተር ገዛ። ለአባቱ ሳይነግር ነው የገዛው፤ ሊያስደንቃቸው ፈልጎ ነው። አጥቦ፣ ወልውሎ ጋራዡ ድረስ ነዳው። አቶ ደገፉ የሌሎቹን ሁሉ ሠርተው እስኪጨርሱ አስቆሙት። ተራው ሲደርስ እጃቸውን ታጠቡ።

«አባዬ፣ የኔስ?» አላቸው።

«ሳታማክረኝ ገዛህ፤ ሳታማክረኝ ንዳው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁም እልህ ያዘው። ቁልፉን አንስቶ ራሱ ቀለበቱን ማጥበቅ ጀመረ። እንደ ማንኛውም ጎረምሳ፣ ጠንካራ ይሁን ብሎ፣ መጨረሻው ድረስ አጠበቀው። አቶ ደገፉ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። እዚያው የነበሩት መምህር ሚልክያስ፣ «ጋሽ ደገፉ፣ ልጁ አበዛው እኮ» አሏቸው።

«ይተዉት። መንገዱ ያስተምረዋል።»

ኤልሳዕ በዚያው ቀን ዲምቱ አያቱን ሊጠይቅ ወጣ። አስፋልቱ የተቦረቦረበት ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ዘለለና ወረወረው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ወ/ሮ እታፈራሁ ሆስፒታል ሲደርሱ ባለቤታቸው እዚያ አልነበሩም። ቀድመው የሄዱት ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የወደቀው ሞተር ተጎትቶ የቆመው እዚያ ነበር። በመዳፋቸው ተጭነው አይተውት ነው ወደ ልጃቸው አልጋ የመጡት። እንደ ገቡም፣ «ንቅንቅ አይልም። እንዳየሁት ነው» አሉ። የልጁን እግር ብርድ ልብስ ሸፍኖት ነበር። ገልጠው አላዩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የወ/ሮ እታፈራሁ ጸሎት አንድ ብቻ ሆነ። አባት ነፍሱ ሳትወጣ ልጁን «ይቅር በለኝ» እንዲለው ጾሙ፣ ጸለዩ፣ አስጸለዩም። በወላይታ ቂም ይዞ የዘመን መለወጫውን፣ ጊፋታን፣ መሻገር ነውር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌው አቶ ይስሐቅ ሰዎች ይዘው ይመጡ ነበር። አቶ ደገፉም፣ «እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ያጠበቀው እሱ ነው፣ የእኔ እጅ አልነካውም። ይልቅ ሥጋው ሳይደርቅ ብሉ» ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው፣ እጃቸው አልነካውም። ሽማግሌዎቹም በልተው ይሄዳሉ።

በ2016 ዓ.ም. አቶ ደገፉ በጉበት በሽታ ታመው አልጋ ያዙ። ሩት በትዳር አዲስ አበባ ናት፤ ዮሴፍ ሥራው ሐዋሳ ነው። ሻንቶ ስልክ የሚጠግነው ኤልሳዕ ነው ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እየመጣ አባቱን ያገላበጠው፣ ያጠበው። በሰው ሠራሽ እግሩ ውሃ ተሸክሞ ሲገባ አባቱ፣ «ቀስ በል፣ አረማመድህ እንደ ተበላሸ ሾክ ነው» ይሉታል። እሱ ውሃውን አስቀምጦ ጀርባቸውን ያሻል። እናቱ ግን አንድ ቀን አልቻሉም። «የሩት አባት፣ ይሄን ጌታ ይሰማል» አሉ።

«ይስማ። ቀልድ ነው» አሉ አቶ ደገፉ።

ሰኔ 2017 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ አሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤልሳዕ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰ ሳለ ወ/ሮ እታፈራሁ አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። «የሩት አባት፣ ልጅዎ አጠገብዎ ነው። ለእሱ ያለዎትን ቃል ይንገሩት። እንዲህ ሆነው አይሂዱብኝ» ብለው ለመኗቸው።

አቶ ደገፉ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። እጁንም ያዙት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የልጆቻቸውን እጅ ሲይዙ ወ/ሮ እታፈራሁ ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ጸሎቴ ደረሰ አሉ በልባቸው።

«ኤልሳዕ፣» አሉ አቶ ደገፉ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ።»

ኤልሳዕ እጁን ቀስ ብሎ ከእጃቸው አወጣ። «እሺ አባዬ» አለና ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነከረ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ቤተሰቡ ለቀብሩ ለደከማችሁ ሁሉ ምስጋና ያቀርባል። ድንኳን የምትመጡ ወዳጆች ግን አንድ ነገር እንድታደርጉልን እንለምናለን፤ ኤልሳዕን ከብባችሁ «አባት ነው፣ እርሳው» አትበሉት። ያልተጠየቀውን ይቅርታ ስጥ አይባልም። ዛሬም አስከሬኑን ያጠበው እሱ ነው፤ በቂ ነው።

እግዚአብሔር ለአቶ ደገፉ ነፍስ፣ እሳቸው ለልጃቸው ከራሩት በላይ ይራራላት። አሜን።