ሞራ ስለጠፋባቸው ዓሦችና ስለተሰበረችው ቀኝ እጄ

ይድረስ ለተከበሩ የውሃና የገበያ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሆድዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቀኝ እጄ ሁለት ቦታ ከመሰበሯ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በግራ እጄ ስለምጭር ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ፤ ድሮም ቀና ብሎ አያውቅም።

ከሲኒማ ራስ ጀርባ አርባ ዓመት ዓሣ የበለትኩ ሰው ነኝ። አባቴ የበግ ሞራ ገልጦ የዓመቱን ጤናና ጦር የሚያነብ ነበር፤ እኔም ፊደሉን ባልዘልቀው የዓሣ ሞራ አነባለሁ። ስለሆነም በትሕትና የማመለክተው፦

1ኛ. ቆዳ ፋብሪካው ዝቃጩን ዓሣዬ የሚመጣበት ሐይቅ ውስጥ መድፋት ከጀመረ ወዲህ የምከፍተው ዓሣ ሁሉ ሞራ የለውም። ጉበቱ አብጦ ጠቁሯል። ሆዱ ግን ጥግብ ያለ ነው! ዓሣ የምታጠናው የጎረቤቴ የጠሃ ልጅ ራህማ እንዳስረዳችኝ፣ የበላውን ሁሉ መርዙን ለመታገል ይማግደዋል፤ ያ አልበቃ ሲለው የገዛ ስቡን፣ ቀጥሎም ሥጋውን ያነዳል። እየበላ በረሃብ ይሞታል።

2ኛ. ያንን ጉበት በፌስታል ይዤ ቢሮዎ ብመጣ፣ ሸተተኝ ብለው አስወጡኝ። ስለ አፍንጫዎ ጤንነት አምላክን አመሰግናለሁ፤ የሚደነዝዘው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ብቻ ነው።

3ኛ. በሦስተኛው ቀን የላኩብኝ ጎረምሶች ሱቄን «ዓሣ በማስራብ» ብለው አሸጉት። ዓሣ በማስራብ! ሐይቁን ጓዳዬ አደረጉት እኮ። ዓሣውን ረግጠው ከኮብልስቶኑ ጋር አንድ አደረጉት። ሟች ባለቤቴ ሐመልማል ቅርፊት ትፍቅበት የነበረውን ግንድ በመጥረቢያ ፈለጡት። አቅፌው አልለቅም ብል፣ «ልቀቅ አንተ ሽማግሌ!» ብለው እጄን በፌሮ መቷት። ስትሰበር የሰማሁት ድምፅ የአምባዛ ራስ ስመታ ከምሰማው አይለይም። ለካ እኔም በእርስዎ መዝገብ ዓሣ ነኝ።

እንግዲህ ሱቄን ይክፈቱልኝ፣ የፋብሪካውን ቱቦ ያሽጉልኝ። ምናልባት የትኛው እንደሚታሸግ ተምታቶብዎት ከሆነ፣ መርዝ የሚተፋው ቱቦው ነው።

አጥንቴ እስኪገጥም የማልረሳዎት፣ ከገጠመም በኋላ ብርድ በመጣ ቁጥር በስም የማነሳዎት፣

በፍቃዱ ምንይሉ
የታሸገው ሱቅ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ከዓሦቹ የጠፋው ሞራ የት ገባ ብዬ ስጨነቅ ከርሜ፣ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ፋብሪካው በየበዓሉ በሚልክልዎት ሙክት ወፍረው ወንበርዎን ሞልተው ሳይዎት ተገኘ። አባቴ ቢኖር ከሸሚዝዎ ላይ ያነበው ነበር። እኔ ግን የእርሱን ያህል አልተማርኩም፤ ካልከፈትኩ አላነብም። ግራ እጄም ቢላ እየለመደች ነው።