የሰው ታሪክ ሲያዳምጡ የኖሩት የወይዘሮ ያለምወርቅ ገሠሠ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ያለምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ውብነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ታከለ በ1966 ዓ.ም. በጎንደር፣ ጭልጋ ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ወላጆቻቸው እርሳቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን፣ ማለትም የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ፣ ይዘው በገላባት በኩል በእግር ሱዳን ገቡ። ለአንድ ክረምት ብለን ነበር የመጣነው፤ ይኸው ዛሬ እዚሁ እንቀብራቸዋለን።

በስደተኞች ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ዓረብኛውን ከጎረቤት፣ ትግርኛውን ከገበያ ለምደው፣ በገዳሪፍ ልብስ ሲሸጡ ቆዩ። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ክንፉ መርሻ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን አቡሽንና ሴት ልጃቸውን ፅናትን አፈሩ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ በአስተርጓሚነት፣ በኋላም ሥልጠና ወስደው በሥነ ልቦና አማካሪነት አገልግለዋል።

በ2008 ዓ.ም. አቡሽ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሊቢያ ተነሣ። በረሃውን ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ዓመታት ሲያልፉ አቶ ክንፉ ተዝካሩን አውጥተን እንረፍ አሉ። ወይዘሮ ያለምወርቅ እምቢ አሉ። በዚህ ነገር ባልና ሚስቱ ብዙ ተኳርፈዋል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ስለሚያውቀው የሚሸሸግ አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት የቱነይድባ መጠለያ ሲከፈት ሴቶቹን ከራሽን ሰልፍ በኋላ ሰብስበው ያነጋግሩ ጀመር። የደረሰባትን በራሷ አፍ መናገር ያቃታትን «አንዲት ሴት ነበረች ብለሽ ጀምሪው» ይሏታል። ሴትዮዋ «ሸሸች፣ ተደበቀች» እያለች ስለ ሌላ ሰው ስታወራ ትከርምና፣ አንድ ቀን ሳታስበው «ተደበቅሁ» ትላለች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ያለምወርቅ አያቋርጧትም፣ አያባብሏትም። አልቅሳ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቀመጣሉ። አንዳንዷ «ተደበቅሁ» ለማለት ዓመት ይፈጅባት ነበር።

እንዲህ ለመጠለያው ሁሉ ጆሮ ሆነው ውለው፣ ቤት ሲገቡ ጆሯቸው አልቆ ነበር የሚገቡት። ፅናት እያወራቻቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እኛም ቅር ብሎን እናውቃለን።

ባልደረባቸው ወይዘሮ ዙሌካ እንደሚመሰክሩት፣ አዲስ የመጣች ሴት አልናገር ስትል ወይዘሮ ያለምወርቅ ራሳቸው ይጀምሩላት ነበር፤ «አንዲት ሴት ነበረች፤ ልጇ በረሃ ገብቶ ቀረባት» እያሉ። ሁልጊዜ ያችው ሴት፣ ሁልጊዜ ያው ልጅ። ወይዘሮ ዙሌካ አንድ ቀን፣ «ያለም፣ ይቺ ሴት መቼ ነው እኔ የምትለው?» ቢሏቸው፣ «ኸላስ ዙሌካ፣ በቃ ተያት፤ ደክሟታል» ብለው ተነሡ።

በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ድርጅቱ ሲዘጋ እርሳቸው አላቆሙም። ከካርቱም የተፈናቀሉትን የሱዳን እናቶች ሳይቀር በዓረብኛ ያንኑ እያስጀመሩ፣ ያለ ደሞዝ ያዳምጡ ነበር። ለለቅሶ ስለሆነ ደግ ሥራ ነው እንላለን እንጂ፣ እርሳቸው እያለቁ ነበርና እኛ ያኔ ተቆጥተናቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ሲገኝ አንድ ሰሞን ሲጠፋ አቅማቸው ደከመ። ሊያርፉ ሰሞን ሁላችንንም አስጠርተው፣ «እኔ ልጄን ጠበቅሁት። ደከመኝ፤ ከእንግዲህ አልችልም። እናንተ ግን እንዳትቀብሩብኝ» አሉ። ስለ አቡሽ «እኔ» ብለው ሲናገሩ የሰማናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አቶ ክንፉ እጃቸውን ያዙ። መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው በገዳሪፍ ዐረፉ።

ትናንት ይህን ስናዘጋጅ የልጆቹ ስም ላይ ስንደርስ ተከራከርን፤ አንዳንዶቻችን ፅናትን ብቻ እንጻፍ አልን። ክርክሩን የቆረጡት አቶ ክንፉ ናቸው። ስለዚህ ወይዘሮ ያለምወርቅ ባለቤታቸውን አቶ ክንፉን፣ ወንድማቸውን፣ ልጃቸውን አቡሽንና ልጃቸውን ፅናትን ትተው አልፈዋል።

ብዙ ደክመዋልና እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ካህናት አባቶቻችን በጸሎቱ የቤተሰቡን ሙታን ሲያስቡ ገሠሠንና ሙሉነሽን ያንሡልን፤ የአቡሽን ስም ግን አያንሡብን። እርሱን መጠበቁ ከዛሬ ጀምሮ የአባቱ ነው።