ባለቤት ያልመጣላቸው ፎቶዎች

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአኒስ ሸኩር፤ ካለህበት ሪያድ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሳሊሀስ፣ ልጆቹስ? የዘንድሮ ሙቀት በረታ ሲባል ሰምቼ አሳስቦኛል። እዚህ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሰነበተው፤ ጥቂት ቀንሼ በላክሁልህ ደስ ባለኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህና ከቁጣህ በቀር ደህና ነኝ። አክስታችን ሀዋም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው።

ወረቀት ያነሳሁት በስልክ መደማመጥ ስላቃተን ነው። እኔ ሦስት ቃል ሳልናገር አንተ ትዘጋዋለህ። ጎረቤታችን መድና ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ፣ ለሌላ ሰው ሳትሰጥ እጅህ ላይ እንድታስቀምጠው አስምዬ ሰጥቻታለሁ።

የአባባን ፎቶ ቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ለሞባይል ነጋዴው እንዳስረክብ፣ መሳቢያ ውስጥ ያሉትንም ፎቶዎች እንድጥል ነግረኸኛል። አባባ ወደ አኼራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ የማታውቂውን ሰው ፊት ስታገላብጪ እድሜሽን አትጨርሺ ብለኸኛል። ለኔ አስበህ እንደሆነ አይጠፋኝም። መልሴ ግን እምቢ ነው። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቡና የተሸጠ ሰሞን ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ ገበሬው ወደ ጅማ ይመጣና ገበያውን ጨርሶ አባባ ዘንድ ፎቶ ይነሳ ነበር። ፎቶው እስኪታጠብ ቀናት ይፈጃል፤ ሰውዬው ግን መኪናው እንዳያመልጠው ይሄዳል። አንዳንዱ በሚቀጥለው ገበያ፣ አንዳንዱ በሚቀጥለው የቡና ወቅት ይመጣል፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬም አልመጣ። አባባ አንዱንም አልጣሉም። አደራ ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል ይሉ ነበር። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።

አምና በሰኔ ቆርቆሮው አፈሰሰና አንዱን መሳቢያ ውሃ ገባው። አርባ የሚሆኑት ተጣብቀው ኖሮ ሳላቅቃቸው የአንዱ ፊት በሌላው ጀርባ ላይ ቀረ። እንደ አባባ ቀብር ዕለት ነው ያለቀስኩት። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትማረው የጎንደሯ ልጅ መቅደላዊት አይታኝ፣ ለምን ኢንተርኔት ላይ አትጭኛቸውም አለችኝ። ለካ ፎቶ የሚያስቀምጡበትና ለሌላ ሰው የሚያካፍሉበት ድረ ገጽ አለ! አንድ በአንድ በስልኬ እያነሳሁ ጫንኳቸው፤ ለየከተማው አልበም ከፈትኩለት። አሁን ቆርቆሮው ቢያፈስ፣ ምስጥ ቢበላቸው፣ ስልኬም ቢሰረቅ እዚያው አሉ። አክስታችን መጀመሪያ ላይ የሰው ሚስት ለዓለም ልታሳዪ ነው ወይ ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ የሴቶቹን አልበም ቆለፍኩት፤ እኔ የፈቀድኩለት ቤተሰብ ብቻ ነው የሚያየው። ዛሬ ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከእጄ ይነጥቁኛል።

በየካቲት ፈየራ የሚባል ሰው ከአጋሮ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ ስልኩን አሳየኝና «ኩን አባ ኮ» አለኝ፤ አባቴ ነው ብሎ። አባቱ የሞቱት እሱ አራት ዓመት ሳይሞላው ነው፤ አንድም ፎቶ የላቸው፣ መልካቸውም ትዝ አይለው። እናቱ ግን አባትህ ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ኮት ለብሶ ጅማ ፎቶ ተነስቶ ነበር እያሉ አሳደጉት። ኢንተርኔት ላይ ኮቱን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ተሳፍሮ መጣ።

ኮቱን አንተ ታውቀዋለህ። የአባባ ኮት ነው! ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ፎቶ የሚነሳው ሁሉ ከነከረባቱ የሚዋሰው፤ ለቀጫጭኖቹ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ የሚያዘው። ስንቱ ልጅ አባቴ ኮት ነበረው እያለ አድጓል መሰለህ። ፈየራ አባቴ ነው ያለው ፎቶ ጀርባ ላይ ደግሞ «ኤልያስ፣ ሊሙ ገነት» ተብሎ ተጽፏል። ዝም ልበለው ይሆን ብዬ ተጨነቅኩ፤ ግን የሰው አባት ለሰው ሰጥቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? አስገባሁትና ኮቱን ከሚስማሩ አውርጄ ሰጠሁት። እጅጌውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ኮቱን የለበሱትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። እሱ ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየ አለፋቸው፤ አያውቃቸውማ። እኔ ጀርባቸውን ገለበጥኩ። አሥራ ሰባተኛው ላይ «ገላና ዋቆ፣ አጋሮ፣ 1985» ይላል፤ ያንተ የልጅነት ጽሑፍ። የአባቱ ስም ነው።

እዚያው ተቀምጦ የፎቶውን የኢንተርኔት አድራሻ ለእናቱና አዳማ ላለችው እህቱ ላከው። እሱ አጋሮ ከመኪና ሳይወርድ እናቱ አይተው፣ አልቅሰው፣ ለጎረቤት አሳይተው ጨርሰዋል። ዋናውን ደግሞ ኪሱ ውስጥ አድርጎ ወሰደው። አባባ ይህን ሳያዩ መሄዳቸው ያንገበግበኛል። እስካሁን አርባ ሦስት ፎቶዎች ባለቤታቸውን አግኝተዋል፤ አባባ ሠላሳ ዓመት ጠብቀው ያላገኟቸውን። እና አሁን ልጣላቸው?

ችግሩ ስም ነው። የብዙዎቹ ጀርባ ቀለሙ ለቋል፤ አባባ ስም ይጽፉበት የነበረውንም መዝገብ ምስጥ በልቶታል። ግን ከጥር ወዲህ ስሙን የማይገልጽ አንድ ሰው ከፎቶዎቹ ሥር ይጽፍልኛል። ሁልጊዜ ጁምዓ ከሰዓት ነው። ይህ የሰቃ ከተማው ልብስ ሰፊ ከሊል ነው ይላል፤ ስጠይቅ እውነት ይሆናል። አንዱንም አልተሳሳተም። ባለፈው ሳምንት ከሁለት ወንድማማቾች ፎቶ ሥር፣ መብራት ጠፍቶ በሩን ከፍተን በፀሐይ ነው ያነሳናቸው፣ ትንሹ ሲያለቅስ ቆይቶ ነው ዝም ያለው ብሎ ጻፈ። አኒስ፣ ትንሹ ፎቶው ላይ አያለቅስም። ይህን የሚያውቅ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። አባባ የሉም፤ እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

ጠዋት ደውለህ ጣያቸው ትለኛለህ፤ ከሰዓት ተደብቀህ ስማቸውን ትጽፍልኛለህ። ከሁለቱ አኒስ አንዱን መስማት ነበረብኝ፤ ስም የሚጽፈውን ሰማሁ። ለሞባይል ነጋዴው ቤቱ እንደማይከራይ ትናንት ነግሬዋለሁ። ቆርቆሮውም ተቀይሯል።

ለሳሊሀ ናፍቆቴን ንገርልኝ። ሰሚርን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ትንሿን ሀያትን ደግሞ አክስቷ ሳታያት እንዳታድግብኝ በላት። አክስታችን ሀዋ ዱዓቸውን ልከውልሃል፣ ወገብህን ከብርድ ጠብቅ ብለዋል። መቅደላዊትም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። ጁምዓ ከሰዓት ለሚጽፈው ሰው ልዩ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሊሙ አልበም ውስጥ ሁለት መቶ ሰባት ሰዎች ስማቸውን እንዲጽፍላቸው እየጠበቁት ነው በልልኝ።

እህትህ ሱዓድ ሸኩር
በቾ ቦሬ፣ ጅማ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.