ልጅዎ ለሻካራው ድራም የመታችበት ቀን

ይድረስ ለተወደዱና ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ከረመ? ያ ደረጃ ሲወርዱ የሚከዳዎት ጉልበትዎ ለሐኪሙ ተገዛ ወይስ እንደ ቤታችን ሰው ሁሉ ምክር አልሰማም ብሎ ቀረ? ዐይንዎስ? ይህን ደብዳቤ ያለ ሰው እርዳታ ያነቡት ዘንድ ፊደሉን ከወትሮው አግዝፌ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ከመስመር የወጣውን ግን በእርጅናዬ ይለፉልኝ። እኔ ከትንሽ ሳልና ከመጻሕፍቴ አቧራ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የእርስዎ ናፍቆት ብቻ ነው መድኃኒት ያጣሁለት።

ባለፈው ደብዳቤዎ ያዘዙኝን አልዘነጋሁም። ልጄ እስከ ወሩ መጨረሻ ቋሚ ሥራ ካላገኘች አውቶቡስ ላይ አሳፍረህ ላክልኝ፣ በአባቷ ፋርማሲ ወንበር ይጠብቃታል ብለውኛል። እኔም ቃሌን ሰጥቼ፣ ትኬቱን ቆርጬ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በቅደም ተከተል እንዳወጋዎት ይፍቀዱልኝ፤ ደስታው እየቀደመኝ መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ እንዳልዘረግፈው ብዕሬን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

ልጅዎ እዚህ ምን ስትሠራ እንደ ከረመች በቅጡ አስረድቼዎት አላውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ "ድራም ትደበድባለች" ይላሉ፣ ውሸት አይደለም፤ የሷ ድብደባ ግን በቀጠሮ ነው። ስመ ጥር ዘፋኞችና የሮክ ባንዶች አልበም ሊቀርጹ ስቱዲዮ ሲገቡ፣ የራሳቸው ድራመር ከታመመ፣ ከተጣላ፣ ወይም እጁ ከዘፈኑ ካነሰ፣ ስልኩ የሚደወለው ለሷ ነው። ጠዋት ትገባለች፣ ዘፈኑን ሁለቴ ትሰማለች፣ ሦስተኛው ላይ ዐሥር ዓመት አብራው እንደ ኖረች አድርጋ ትመታዋለች። ከዚያ እንጨቶቿን ሰብስባ ትወጣለች፤ አልበሙ ላይ የሚታየው የሌላ ሰው ፊት ነው። የልጅ ልጅዎ ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው ያ ጸጉረ ረጅም ዘፋኝ አለ አይደል? ልጅቱ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመች ቤቱን የምታስጨንቅበት ዘፈን ላይ ያለው የአክስቷ እጅ ነው። እነዚያ የተኳረፉት ወንድማማቾችም ፊት ለፊት አንተያይም ብለው በተለያየ ቀን ሲቀርጹ፣ አብረው የተጫወቱ ያስመሰላቸው እሷ በሁለቱም ቀን መገኘቷ ነው። ሙዚቀኞቹ "ሚስማር" ይሏታል፤ አንዴ ከገባች አትነቃነቅም ለማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት የላኩልኝ የሱፍ ብርድ ልብስ አልጋዬ ላይ የለም። በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ሆዱ ባዶ ከሆነ እንደ በርሜል ስለሚጮኽ፣ ልጅዎ የሚጠቀጠቅ ጨርቅ ፈልጋ ቤቱን ስታምስ ዐይኗ ያረፈው እሱ ላይ ነው። የእማዬ ብርድ ልብስ ድምፁን ሰብሰብ ያደርገዋል አለችኝ። እውነትም ሰብስቦታል። እኔ ካፖርቴን ደርቤ እተኛለሁ፤ አይዘኑ፣ አልተጎዳሁም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጎርናና ድምፁ የተነሣ ሻካራው የሚባለውን ያን ዘፋኝ መቼም አይረሱትም። አባታችን ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሬዲዮኑ ላይ የወረወሩት በሱ ድምፅ ተቆጥተው ነው፤ "ይህ ሰው ይታከም እንጂ ይዘፍናል እንዴ?" ያሉትን ዛሬም ሳስበው እስቃለሁ። በማግሥቱ ደግሞ አንዲት ወጣት ጆሮዋን ከሬዲዮኑ ጋር አጣብቃ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ ይህንኑ ሰው ስታዳምጥ አግኝቻታለሁ። ማን እንደ ነበረች ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም።

ይህ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረው ድራመር ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ ዐሥሩን የጥንት ዘፈኖቹን እንደ አዲስ ልቅረጽ ብሎ ተነሣ። ሦስት ድራመሮች መጡ፤ ሦስቱም ግማሽ ቀን ሳይሞላቸው ተሸኙ። አንዱን ትቸኩላለህ አለው፤ ሁለተኛውን ታሯሩጠኛለህ አለው፤ ሦስተኛውን ምንም ሳይለው በሩን ከፈተለት። የስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያ የልጅዎን እጅ ያውቃልና በአራተኛነት ጠራት። ነገሩም የአንድ ቀን ቀጠሮ አልነበረም፤ ሻካራው የወደደው ድራመር ዐሥሩን ዘፈን ከቀረጸ በኋላ የባንዱ ቋሚ አባል ሆኖ ሁለት ዓመት ከሱ ጋር ከከተማ ከተማ ይዞራል። ለልጅዎ ይህ ማለት ወይ ባንዱ፣ ወይ አውቶቡሱ ነበር።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀች። የሟቹን አልበሞች ሁሉ እየሰማች እያንዳንዷን ምት ባለካሬ ደብተር ላይ አሰፈረች። እኔም፣ እትዬ፣ ሳልጠራ ገባሁበት። ዐርባ ዓመት የሟች ደራስያንን ጽሑፍ ለኅትመት ሳዘጋጅ እንደ ኖርኩ ያውቃሉ፤ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ከማተሚያ ቤት ጋር ስንት ጊዜ ተኳርፌአለሁ። "ልጄ፣ የሰውየውን ሥራ አንዲት ሰረዝ ሳትጨምሪ፣ አንዲት ሳትቀንሺ አስቀምጪው፤ ታማኝነት ማለት ይህ ነው" አልኳት። እሷም ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ እንደሱ ብቻ ይበቃል ብለው ነው ጋሼ ብላ ጠየቀችኝ። ይበቃል አልኳት፤ በዚያ በማስተማሪያ ድምፄ። አመነችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከድራሙ ጋር የሚመቱትን የነሐስ ሳህኖቿን ከረጢት ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ስቱዲዮው ድሮ የምንጣፍ መጋዘን ነበር አሉ፤ ምንጣፎቹ የሚሰቀሉባቸው ብረቶች ዛሬም ግድግዳው ላይ አሉ፤ በሩ እንደ ፍራሽ ይወፍራል። ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱበትን ክፍልና የድምፅ ባለሙያው የሚቀመጥበትን የሚለያቸው ትልቅ መስታወት ነው፤ እኔን ከመስታወቱ ወዲህ አስቀመጡኝ። ቤዝ ጊታሩን የሚጫወተው ወፍራም ሰው መነጽሬንና ካፖርቴን አየት አድርጎ፣ ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ደግሞ ምን ይመታሉ አለኝ። ጠረጴዛ ብቻ፣ እሱም ማተሚያ ቤቱ ሲያዘገይብኝ አልኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሁሉም ፕሮፌሰር ሆኜ ቀረሁ።

ጀመረች። እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ? ሟቹ ከመቃብር ተነሥቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ያህል ነበር። የድምፅ ባለሙያው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ማን እንደ ተቀመጠ ለማረጋገጥ ዞሮ አያት። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ፣ ሥራው የእኔ ይመስል፣ ደረቴን ነፋሁት። ሻካራው ሁለት አንቀጽ ዘፈነ። ሦስተኛው ላይ የየመስመሩ መጨረሻ ከአፉ ሳይወጣ መቅረት ጀመረ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ማስቀመጫው ላይ ቀስ ብሎ ሰቀለው፤ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። ወደሷ ቀረብ ብሎ፣

"እሱን በገዛ እጄ ቀብሬዋለሁ። ለምን ታስነሺብኛለሽ?" አላትና ወጣ።

የድምፅ ባለሙያው ለራሱ "አራተኛ" ሲል ሰማሁት። ልጅዎ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔን የጎዳኝም እሱ ነው። ብትገላምጠኝ ኖሮ ቢያንስ የድርሻዬን ባገኘሁ ነበር።

ተነሥቼ ተከተልኩት። ምን ልለው እንደ ሆነ አላውቅም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ብቻ ልነግረው ፈልጌ ነበር። መተላለፊያው ጫፍ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይሰበስባል። እትዬ፣ ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በየቀኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ፣ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ የምሰበስበው ትንፋሽ ነው።

ከጎኑ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሟቹን እንድትገለብጥ የመከርኳት እኔ ነኝ አልኩት። ሥራዬ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። የሟቾችን መጻሕፍት አርማለሁ አልኩት። ያመሰግኑሃል ወይ አለኝ። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም ስለው ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲበርድለት፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ፣

"ያን ዘፈን ስዘፍነው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ" አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስቱ ሰዎች የተባረሩት አጥፍተው አልነበረም፤ ዘፈኑን በድሮው ፍጥነቱ ስለመቱት ነው። የሃያ ሦስት ዓመቱ ሻካራ ከፊት ፊት ይሮጣል፣ የሰባ ሦስት ዓመቱ ከኋላ ሊደርስበት አልቻለም። እኔንም ጨምሮ ይህን ደፍሮ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

በዚያው ቅጽበት ከስቱዲዮው ድራም ተሰማ፤ ስወጣ በሩን በደንብ አልዘጋሁትም ነበር። ዘፈኑ ያው ነው፤ ግን አዝግማዋለች። ደብተሩን ዘግታ፣ ሟቹን ትታ፣ በራሷ እጅ፣ ረጋ አድርጋ ትመታዋለች። እኔ በዐይኔ አይቼ የደረስኩበትን እሷ ከውስጥ ሆና በጆሮዋ ቀድማኝ ደርሳበት ነበር። ነገር ግን ለዘፋኝ ዘፈኑን ማዝገም ፊት ለፊት አርጅተሃል እንደ ማለት አይደለምን? ሻካራው ቀና አለና ተነሣ። እኔ ከኋላው ስራመድ፣ ልጅቱንም ድራሙንም የእርስዎንም ብርድ ልብስ ጠራርጎ ሊያስወጣልኝ ነው ብዬ ተሸብሬአለሁ።

በሩ ላይ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ የጫማው ጫፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ ሳያደርግ ገብቶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። ቤዝ ተጫዋቹ ጊታሩን አነሣ፤ ቀዩ መብራት በራ። እትዬ፣ ዘፈነ! እያንዳንዱ መስመር መጨረሻው ድረስ ሄደ። ትንፋሽ ሲፈልግ ልጅዎ ቦታ ትለቅለታለች፤ ቦታው ባዶ እንዳይመስል አንዲት የነሐስ ሳህን በጫፏ ነካ ታደርጋለች፤ ልክ አንድ ሽማግሌ እንዲያልፍ በር ይዞ ዐይኑን ወደ ሌላ እንደሚያደርግ ጨዋ ሰው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ያ የጥንቱ ሻካራ ድምፅ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። እኔ መስታወቱን በሁለት እጄ ተደግፌ፣ መነጽሬ ጉም ለብሶ፣ እንደ ልጅ እንባዬን ዋጥኩ።

ሲያበቃ የመጨረሻው የሳህን ድምፅ ሞቶ እስኪያልቅ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ዞሮ፣

"ማን አዝግሚ አለሽ?" አላት።

"ማንም። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ይሰማ ብዬ ነው" አለችው።

ረጅም ጊዜ አያት። እውነቱን እንዳወቀች ዐውቋል፤ ማወቁንም ዐውቃለች፤ ሁለቱም አልተናገሩትም። እኔ ዐርባ ዓመት ከቃል ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ መልስ በሰዓቱ መጥቶልኝ አያውቅም።

"ነገም በሦስት ሰዓት። እንዳታረፍጂ፤ እኔ አላረፍድም" አላት። በአጠገቤ ሲያልፍ ደግሞ፣ ፕሮፌሰር፣ ልጅቷ ሰረዝ ጨምራለች አለኝ። ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው የጨመረችው አልኩት።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ ስድስቱ ዘፈኖች ተቀርጸዋል። ትናንት የሁለት ዓመቱን ውል ፈርማለች፤ አልበሙም ላይ ስሟ ከሟቹ ስም ሥር እንዲጻፍ ያዘዘው ራሱ ሻካራው ነው። እኔም ዛሬ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ትኬቱን መለስኩ። ቋሚ ሥራ ብለውኛል፣ ቋሚ ሥራ አግኝታለች ብዬ መከራከር እችላለሁ፤ ሆኖም እርስዎ ያሰቡት ሥራ ይህ እንዳልሆነ እያወቅሁ ቃል ልሰነጥቅብዎ አልሻም። ሳላስፈቅድዎ አድርጌዋለሁና ቁጣዎን በእኔ ላይ ያውርዱት፤ ትከሻዬ ይችለዋል።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኳት። ምክሬ ጉድ ሊያደርጋት ነበርና። ሳቀችብኝ፤ ጆሮዬ መጀመሪያውኑ ነግሮኝ ነበር፣ እርስዎን አከብራለሁ ብዬ ነው እንጂ አለችኝ። ከዚያ ስለ ድራም አመታቷ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ሻካራው ታወራኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልንወርድ ስንል፣ "ጋሼ፣ እማዬ ትሰማው ይሆን?" አለችኝ።

ትሰማዋለች አልኳት። እርስዎን ሳልጠይቅ በእርስዎ ስም ቃል ሰጠሁ፤ ከትኬቱ ጋር ሁለት ጥፋት ሆነብኝ። ስለዚህ እትዬ፣ የዘፈኑ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል፤ በሩን ዘግተው፣ ተደላድለው ይስሙት። ከሰሙ በኋላ ለእኔ መልስ አይጻፉልኝ። ለእሷ ይጻፉላት።

ለባለቤትዎ የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለፋርማሲው ወንበር ሌላ ሰው እንዲፈልጉለት በትሕትና ይንገሩልኝ፣ ከተቆጡም እኔ የለሁበትም ይበሉ። ለትልቁ ልጅዎና ለሚስቱ፣ ሁሌም ስለ ጤናዬ ለምትጠይቀኝ፣ ሳሌ ቀንሷል ይበሉልኝ። የልጅ ልጅዎን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ግድግዳዋ ላይ ከዚያ ጸጉረ ረጅም ጎን ለአክስቷ ቦታ ታዘጋጅ። ሸሚዜን ለሚያሳጥርልኝ ጎረቤታችሁ ልብስ ሰፊም እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜ፣ ምርቃትዎን እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ

ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ዓርብ፣ ጥር ፲፪ ቀን