ድምፁ የማይሰማው ማሽን

ለውድ እህቴ ለቨርና፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከጭሱና ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ጫካው ዘንድሮም እንደ ልማዱ በእሳት ተያይዟል፤ ኮካችን ግን ዛፉን እስኪያጎብጠው አፍርቷል።

ባለቤቴ ክላይድ በሳቅ ሊገድለኝ ነበር! አየር ማጣሪያ ገዝቶ ወር ሙሉ "አየሩ እኮ ተለወጠ፣ አይታወቅሽም?" እያለ ሲኩራራ፣ ለካ የማሽኑን ወንፊት ከነመጠቅለያ ላስቲኩ ነው የከተተው። "ላስቲኩን ስታጣራ ከርመሃላ!" አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ሳቁን የጨረሰው ግን ትንፋሽ አጥሮት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ደግሞ ውሻውን በደወል መጥራት ጀምሯል። "ፉጨት ድሮ ቀረ" ይለኛል፤ ፉጨቱ ሐይቁን ይሻገር የነበረ ሰውዬ!

ላስቲኩን ብናወጣም ማሽኑ ለሳሎኑ ስላነሰ ሌላ ልንገዛ ሄድን። ክላይድ እንደ ትራክተር የሚያጓራውን ወደደ። ሻጩም "ለሳሎናችሁ ስፋት የሚበቃው እሱ ነው" አለን። እኔ ግን ድምፁ የማይሰማው ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ፤ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ገዛን።

"አንቺ ራስሽ ሬዲዮ! ከመቼ ወዲህ ነው ጫጫታ የጠላሽው?" አለኝ ክላይድ።

"አርጅቼ ነዋ!" አልኩት።

አሁን ከምሳ በኋላ በሁለቱ ማሽኖች መሀል እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ያሸልባል። እኔም አጠገቡ የክረምት ሹራቡን እሠራለሁ። ቤቱ ጸጥ ስለሚል ትንፋሹ አንድ በአንድ ይሰማኛል። ትናንት ትንፋሹን ስቆጥር የሹራቡ ቁጥር ጠፋብኝ።

ለልጆችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለገና እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ግን፣ ቨርንዬ፣ እስከዚያ አትቆዪ፤ ኮኩ ሳያልቅ ብትመጪ ደስ ይለኛል።

ሁልጊዜ የምታስብሽ እህትሽ ኢርማ