ሲሚንቶ ሳይቀድመኝ

መጋቢት 9

ዛሬም ሥራ የለም። ቁርስ በላሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ሬዲዮ ዘጋሁ። ባለቤቴን ላግዛት ብዬ ስፌት ክፍሏ ገባሁ። መቀሷ ላይ ተቀምጬ እሷ መቀስ ስትፈልግ አረፈደች። "አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ ገና ነኝ" አለችኝ።

ደግሞ ሌላ መርዶ። ጓሮውን ሲሚንቶ ልታስደርገው ነው። ሰፍታ የሰቀለችውን የሰው ልብስ አቧራው እያበላሸባት። ግንበኛው ግንቦት ሲገባ ይመጣል።

"አትክልት ልተክልበት ነበር እኮ!" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። በዕድሜዬ የተከልኩት ነገር ቢኖር ድንኳን ነው፤ እሱም ወድቋል።

ሳቀች። "ግንቦት እስኪገባ ለድስት የሚበቃ ነገር ካበቀልክ ሲሚንቶው ይቀራል።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ...

መጋቢት 12

ቆፈርኩ። ወገቤ የለም።

መጋቢት 15

የቲማቲምና የቆስጣ ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ሳሰማራ ኖሬ ሰልፍ እንዴት ይጠፋኛል? ገመድ ወጥሬ ትከሻ ለትከሻ ደረደርኳቸው። ጎረቤታችን ነርሷ በአጥሩ ላይ አየችና፣ "ጋሼ፣ እነዚህ መተንፈሻም የላቸው" አለች።

"ይለምዱታል" አልኳት። ለተሳፋሪም የምለው ይሄንኑ ነበር።

መጋቢት 23

ጠወለጉ። ውሃ በላይ በላዩ እያጠጣኋቸው! እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲብስ አንጀቴን ይበሉትና የውሃ ጎማውን እለቅባቸዋለሁ። ምን አጎደልኩባቸው?

መጋቢት 25

ጉዴን ልጻፈው። እግሬን ልታጠብ ጎማውን ብለቀው... ጮህኩ። ባለቤቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ ወጣች።

"ምን ሆንክ? እባብ ነው?"

"ውሃው!"

እጇን ሰደደችና ቶሎ ሳበችው። ለካ ጎማው ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ያረፍዳል፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረው። ድስት ሳያዩ ቀቀልኳቸው!

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ብቻዬን ስቀር ግን ሆዴ ባባ። የሚፈልገኝ ነገር አገኘሁ ስል በገዛ እጄ...

ሚያዝያ 2

ቲማቲሙ አለቀ። ቆስጣው ጥቂት ተርፏል፤ ጥጉ ላይ ያለው፣ ጎማው የማይደርስበት። ማለትም እኔ ያልረዳሁት።

አሁን ማለዳ ተነስቼ ከበርሜል በጣሳ አጠጣለሁ። ሥር ሥሩን ደረቅ ሣር አለበስኩት። ለጥላ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ወጠርኩ። ባለቤቴ ታውቅ ይሆን?

ሚያዝያ 3

አወቀች። "እኔ ፀሐይ ዓይኔን ሲወጋኝ ልነሳ፣ ቆስጣው ጥላ ውስጥ ይተኛ?"

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ነው፤ ግንበኛውን ዛሬውኑ ትጠራለች ብዬ ፈራሁ። ከሰዓት የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር ወረወረችልኝ። ተተርትሮ፣ እንደገና ተገጣጥሞ የተሰፋ ነጭ ጆንያ። አራቱም ጥግ ላይ የገመድ ማሰሪያ አለው።

"መጋረጃዬን መልስ" አለች።

ሚያዝያ 22

ቆስጣው አዲስ ቅጠል አወጣ! አውራ ጣቴን ያህላል። ለድስት? ለአንድ ጥንቸል ቁርስም አይሆን። ግንቦት ደግሞ ደረሰ።

ግንቦት 1

ግንበኛው በጠዋት መጣ፣ አሸዋውን በጋሪ እየገፋ። ጎንበስ ብዬ ሳጠጣ ነበር። ቀና አላልኩም። ቃል ቃል ነው፣ ተሸንፌያለሁ። ቅጠሎቹን አየኋቸውና እንባዬ መጣ። ለቆስጣ! በዚህ ዕድሜዬ!

ከበሩ የእሱና የባለቤቴ ድምፅ ይሰማኛል።

"እትዬ፣ አሸዋውን የት ልገልብጠው?"

"እዚህ፣ ልብስ የምሰቅልበት ጋ ብቻ። ወዲያ ያለውን ተወው።"

"ሁሉንም ብለውኝ አልነበር? ጋሼን ላነጋግራቸው እንዴ?"

"አሁን አይመቸውም" አለችው። "ሥራ ላይ ነው።"

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ እኔ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ጣሳው ውስጥ ጠብታ ውሃ አልቀረም፤ እኔ ግን ግንበኛው እስኪሄድ ማጠጣቴን አላቆምኩም።