የፋይከሱ ጥፋት በቃሪያው ላይ

ገርጂ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለአቶ ቃልአብ

ጤናዎ እንደሚወዱት የፋይከስ ዛፍ ለምልሞ ይቆይልኝ። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ አንገቴን ደፍቼ የማልፈው የወይዘሮ ፈዲላ ልጅ ሳጂዳ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፈው ወይስ ልቅደደው እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ ስነሣ ስቀመጥ ውያለሁ።

1ኛ. የተሰጣ ልብስ ላይ እየረገፉ የሚነክሱን ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት ከየት እንደመጡ ኮሚቴው ከወንበሩ ሳይነሣ ስለደረሰበት ከልብ አመሰግናለሁ። ምንጩ የእናቴ የቃሪያ መደብ ስለሆነ፣ ነገ በጽዳት ዘመቻው ይነቀላል ተብሏል።

2ኛ. አርፎ መቀመጥ ስላቃተኝ ከፋይከሱ ላይ እንደ ሳምቡሳ የተጣጠፉ ቅጠሎች ቆርጬ ከፈትኩ። ነፍሳቱ ከነእንቁላላቸው ውስጡ ታጭቀው ነበር። የባዮሎጂ መምህሬን ባሳያቸው ትሪፕስ ይባላሉ አሉኝ። ቃሪያ የሚወድ ሌላ ዓይነት ትሪፕስ አለ፤ ይህኛው ግን የፋይከስን ለጋ ቅጠል እየመጠጠ ይጠቀልልና እዚያው ይራባል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለኮሚቴው ትልቅነት ስለማይመጥን ቅጠል ባለመግለጣችሁ አልፈርድም።

3ኛ. መደቡ ላይ መገኘታቸው ግን እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት ፋይከሱ እንደ ጃንጥላ ሲከረከም፣ ዶሮ እንዳይገባ ያጥርላታል ብለው ቅርንጫፉን ቃሪያው ዙሪያ ያስከመሩት እርስዎ ነዎት። ተባዩን ደጃችን ድረስ ስላመጡልን እግዜር ይስጥልኝ።

እናቴ ከወሎ ሰፈር ለቀን ከመጣን ወዲህ ከቤት የምትወጣው ለዚያ መደብ ብቻ ነው። ውሃ ስታጠጣ ጎረቤት ያናግራታል፣ እሷም ትመልሳለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች። ውሳኔውን የሰማች ዕለት «ኮሚቴ ካለ እኛ ምን እንላለን» ብላ መጋረጃውን ዘጋች። እስካሁን አልከፈተችውም።

ዝምታዬን ላስፈታኝ አመራርዎ ባለውለታ የሆንኩ፣

ትንሿ ጎረቤትዎ ሳጂዳ

ማሳሰቢያ፦ የፋይከሱ ጥላ የሚያርፈው በእርስዎ መኪና ላይ ብቻ መሆኑን ማንም እንዳያነሣ ጎረቤቱን ሁሉ አደራ ብያለሁ። ነገ ዘመቻው ሳይጀመር መደቡ መካከል እቆማለሁ። አፌ ቢተሳሰርም አንድ የተጠቀለለ ቅጠል እጅዎ ላይ አኖራለሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት እስኪከፍቱት ድረስ ከዚያ አልነቃነቅም።